ያልተመዘገበው እንጉርጉሮ

ሚሳዎ በናጉሞ ቤት ሥራ የጀመረችው በዕቃ ጠቅላይነት ነው። መዳቡ ተቀጥቅጦ፣ ተወልውሎ፣ ማንቆርቆሪያ ሆኖ ሲወጣ በወረቀት ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ታስቀምጣለች፤ በቃ፣ ሌላ ሥራ አልነበራትም። መዶሻ የማይሰማበት ቤት በሌለበት በጹባሜ ከተማ ጠቅላይ መሆን እዚህ ግባ የሚባል ማዕረግ አይደለም። ሴትየዋ ግን ዓይን ነበራት። ስትጠቀልል እጇ ቅርጹን ያጠናዋል፤ ዓይኗን ሸፍናችሁ ብትሰጧት እንኳ የማን ቤት ሥራ እንደሆነ ትነግራችሁ ነበር።

የናጉሞ ቤት ስሙ ሳይገን በፊት አንድ ጊዜ ክፉኛ ተመትቷል። የአሁኑ አለቃ አባት፣ ሽማግሌው ናጉሞ፣ አንገቱ እንደ ዳክዬ የተቀለሰ ውብ ማንቆርቆሪያ አሠሩና ደስታቸውን መያዝ አቅቷቸው ቶኪዮ ባዛር ላይ ይዘውት ወጡ። ሰው ሁሉ አየ፣ ሰው ሁሉ አደነቀ። ዓመት አልፎ የንድፍ መብቱን ሊያስመዘግቡ ቢሄዱ፣ "አባት፣ ይህን እኮ ለአገር ምድሩ አሳይተውታል። አዲስ የምንለው ያልታየውን ነው" ብለው በትህትና መለሷቸው። ያኔ አስመሳዩ ዕቃ በየሱቁ በሲሶ ዋጋ ይሸጥ ጀምሮ ነበር። ሽማግሌው ከንዴታቸው ብዛት ታመው ተኙ። ሲነሡ፣ ከእኛ መሃል የዚህን የመብት ነገር የሚማር አንድ ሰው ይኑር አሉ። ወንዶቹ "እኛ ቀጥቃጭ ነን፣ ጸሐፊ አይደለንም" ብለው አፈገፈጉ። ጠቅላይዋ ትሂድ ተባለ፤ ብትሄድ የሚጎድል ነገር የለም ብለው ነው።

ተምራ የተመለሰችው ሌላ ሰው ሆና ነው። ሕጓ አጭር ነበረች፦ ለዓይን የሚታየውን ከማሳየትህ በፊት አስመዝግብ፤ ለዓይን የማይታየውን ግን ለመንግሥትም ቢሆን አትናገር፣ ማስመዝገብ ማለት መናገር ነውና። ከዚያ ወዲህ ከናጉሞ ቤት ሳይመዘገብ የወጣ ቅርጽ የለም። ለቤቱ ስምና ለማኅተሙም መብት አወጣች። ወልዋዮቹ በየቤታቸው ስለሚሠሩ፣ አንዷ ክዳኑን ብቻ፣ ሌላዋ አፉን ብቻ እንድታይ አድርጋ ሥራውን ከፋፈለችው። በሥራ ቤቱ መስኮት ላይ መጋረጃ አሰቀለች። እንግዳ ሲመጣ ሻይ ይጠጣል፣ ያመሰግናል፣ ምንም ሳያይ ይሄዳል።

ሃማ የምትባል ወልዋይ ጎረቤቷ፣ ምላሷ አፍታ የማያርፍ ሴት፣ "ሚሳዎ እኮ ባሏንም አስመዝግባ ነው የምትተኛው!" እያለች ሰፈሩን ታስቅባት ነበር። ሚሳዎ አትቆጣም። "እሱን ደግሞ ማን ይሰርቀኛል?" ትላለች።

ባሏ ቶኪዞ የቤቱ ዋና ቀጥቃጭ ነበር። ግራኝ ነው፣ ደረቱ ደካማ፣ ንግግሩ ጥቂት። ሲቀጠቅጥ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ዜማ ያንጎራጉራል፤ መሃል ላይ ሲደርስ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ቆም ብሎ አየር ይስብና ይቀጥላል። መዳብ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ አታመልጠውም። መንገድ ላይ ግን ጨቅላ ሕፃን ነው። ሲጋራ ሊገዛ ወጥቶ የሰው በር ሲከፍት ስንት ጊዜ አይተነዋል። "ይቅርታ፣ ቤቴ ይህ ነው?" ብሎ ይጠይቃል፣ የቤቱ ሰዎች እየሳቁ ይዘውት ለሚሳዎ ያስረክቡታል።

ቤቱን ያስጠራው የሚያንጎራጉረው ማንቆርቆሪያ ነው፤ ትንሹን ቤተሰብ፣ ትልቁን ሆቴሎች ይገዙታል። ውኃው ሊፈላ ሲል አያፏጭም፤ ሥራ ላይ ያለ ሰው ለራሱ እንደሚያንጎራጉረው ነው የሚያሰማው። ምስጢሩ ቂጡ ውስጥ ነው፦ ስስ የመዳብ ቁራጮች ተበይደውበታል፣ ከሥራቸው ከፀጉር የቀጠነ ክፍተት አለ። አስመሳዮቹ ገዝተው ሰንጥቀው አይተውታል፣ ቁራጮቹንም በዚያው ቦታ በይደዋቸዋል፤ የእነሱ ግን ሽሽሽ ከማለት በቀር ድምፅ የለውም። ቅርጹን ሚሳዎ አስመዘገበች፤ ድምፁን አላስመዘገበችም። "አሠራሩን ጽፈን ከሰጠን መብቱ ሲያልቅ የሁሉ ይሆናል። ዝም ካልን ግን የእኛ እንደሆነ ይኖራል" አለች፣ ሁሉም በአሳቧ ተስማማ። ልኩን የሚያውቁት ሽማግሌው ናጉሞና ቶኪዞ ብቻ ነበሩ። ሽማግሌው ሲሞቱ ቶኪዞ ብቻውን ቀረ፤ እሱም የቁራጮቹን ቦታና የክፍተቱን ልክ የጫረበት መዳፍ የምታህል ክብ እንጨት ነበረችው፣ ከኪሱ አትለይም።

አንድ ቀን እራት ላይ ክቧን እንጨት አውጥቶ ከፊቷ አኖራት።

"ነይ እስኪ፣ እጅሽን እዚህ ላይ አድርጊ። ነገ ብሞት…"

ሚሳዎ ጆሮዎቿን ያዘች። "አታሰማኝ! ሕጉን ያወጣሁት እኔ፣ የማፈርሰው እኔ? ለአለቃው ንገረው።"

"አለቃው አሁን ምን ጊዜ አለው።"

"እንግዲያው ጊዜ ሲኖረው።"

ቶኪዞ እንጨቷን ወደ ኪሱ መለሰ። ሚሳዎ ያን ቀን በራሷ ኮርታ ነው የተኛችው፤ ሰው ሲኮራ እንዴት ሞኝ እንደሚሆን እንግዲህ እዩት።

በጥር፣ በረዶው ጣሪያ ሲነካ፣ ቶኪዞ መዶሻውን በግራ እጁ እንደያዘ ሥራ ቦታው ላይ ድፍት ብሎ ሞተ።

ሬሳውን ሚሳዎ በገዛ እጇ ነጭ አልብሳ፣ ልብሱን በወጉ በተቃራኒ ወገን ደረበችለት፤ እንዲያ የሚደረበው ለሬሳ ብቻ ነው። አስከሬን አቃጣዩ "ብረት ነክ አይገባም፣ እንጨት ይቻላል" አላት። መዶሻውን ልታስገባለት አስባ ነበርና ከፋት። ከዚያ ክቧን እንጨት ከሥራ ልብሱ ኪስ አውጥታ ደረቱ ላይ አኖረችለት። ወጣቱ አለቃ ናጉሞ ሹንሳኩ አጠገቧ ቆሞ ያያል፤ እንባውን ጠርጎ አጎነበሰ። እዚያ ከነበረው ሰው ሁሉ ደግ አደረግሽ ያላላት አልነበረም።

የሚበላበትን የሩዝ ሳህኑን ደጃፍ ላይ ሰበሩት። ሳጥኑን በጓሮ በኩል አውጥተው ደጋግመው አዞሩት፣ ሟች ዞሮበት ወደ ቤቱ የሚመልሰው መንገድ እንዲጠፋው። ሃማ እያለቀሰችም ቢሆን ምላሷ አላረፈ፤ "ለቶኪዞ እንኳ አንዴ ብታዞሩት ይበቃው ነበር" አለች። ሐዘንተኛው ሳይወድ ሳቀ፣ ሚሳዎም ሳቀች።

በረዶው ሲቀልጥ አዲሱ ቀጥቃጭ የሠራቸው ማንቆርቆሪያዎች ወጡ። ቅርጻቸው ያው፣ ክብደታቸው ያው ነው። ምድጃ ላይ ሲጣዱ ግን ሽሽሽ ይላሉ። ገዢዎች አንድ በአንድ መመለስ ጀመሩ። "ይህ አይናገርም" ይላሉ፣ ልክ የታመመ ልጅ ሐኪም ቤት እንዳመጡ።

ሹንሳኩ ቢሮው ጠራት። ከእሷ በብዙ ያንሳል፤ ሕፃን ሳለ ጀርባዋ ላይ አዝላው ነው ዕቃ ስትጠቀልል የኖረችው። ቢሆንም አለቃ ነውና በሰው ፊት አንቱ ትለዋለች፣ እሱም አንቱ ይላታል።

"እትዬ ሚሳዎ፣ እንግዲህ ሐዘኑም ረገብ ብሏል። ያችን እንጨት ቢያወጧት ምን ይመስልዎታል?"

"የትኛዋን እንጨት?"

"የጋሼ ቶኪዞን ነዋ፣ ልኩ ያለባትን።"

ሚሳዎ ትክ ብላ አየችው። "አቃጠልኳት እኮ። እርስዎም ቆመው አይተዋል።"

"እሷማ ቅጂዋ ናት ብዬ ነው!" ሹንሳኩ ከወንበሩ ተነሣ። "ጥላዋን እንኳ ለሰው የማታሳይ ሴት ዋናዋን ታቃጥላለች ብሎ ማን ያስባል? ልኩንስ እርስዎ አያውቁትም? ሚስት አይደሉ?"

"እኔ እርስዎ ያውቁታል ብዬ ነው።"

ውጭ መዶሻዎቹ ይሰማሉ። ስንት ቤት በእነዚያ መዶሻዎች እንደሚያድር ሚሳዎ ታውቃለች፤ የራሷ ሕግ ናት ጉሮሯቸውን የዘጋችው።

በግንቦት አንድ ደንበኛ፣ የናጉሞ ቤት ሥራ መስሎት፣ እጀታው የላላ ማንቆርቆሪያ ለጥገና ላከ። ሚሳዎ ገና ስትነካው የእነሱ እንዳልሆነ አወቀች። ሆዱ የተነፋ፣ አንገቱ አጭር፣ መልከ ጥፉ ነገር ነው። ሥሩ ላይ "ሶኖቤ" የሚል ተመትቶበታል። እጀታውን አጥብቀው ውኃ እንዳያፈስ ለመፈተሽ ቢሮ ውስጥ ምድጃው ላይ ጣዱት።

ውኃው ሞቀ። ከዚያ ማንቆርቆሪያው ማንጎራጎር ጀመረ።

የሃማ ሲኒ ከእጇ ወድቆ ተሰበረ። ሥራ ቤት ያሉት መዶሻቸውን አቆሙ። የድሮዎቹ ማንቆርቆሪያዎችም ያንጎራጉሩ ነበር፤ ይህ ግን ዜማው ራሱ ነው፣ የቶኪዞ ዜማ። መሃል ላይ ሲደርስ ቆመ። የቢሮው ሰው ሁሉ ትንፋሹን ያዘ። ማንቆርቆሪያው ውስጥ አየር የመሳብ ድምፅ ተሰማ፣ ደረቱን እንደሚያመው ሰው፤ ከዚያ ቀጠለ።

"አጥፉት!" አለ ሹንሳኩ። የሚነካው ጠፋ። ሚሳዎ ራሷ በባዶ እጇ አንሥታ አወረደችው፣ መቃጠሏንም ያወቀችው ማታ ነው።

የመብት ጠበቃው ነገሩን በስልክ ሰማ። "ቅርጹን አልነካም፣ ስለዚህ በቅርጹ አንከሰውም። ድምፁም አልተመዘገበም። የቀረን ምስጢር ሰረቀ ማለት ነው፤ ለዚያ ደግሞ ማን አወጣው፣ መቼ፣ እንዴት፣ እነዚህን አምጡልኝ" አለ። ሚሳዎ ነጠላ ጫማዋን በሽፍን ቀይራ፣ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ሸለቆ የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ወጣች።

ሶኖቤ ብቻውን የሚኖር፣ ጢሙን መላጨት የሚረሳ፣ ዕድሜው ሃምሳን ያለፈ ሰው ነው። አበባ ማጠጫና ድስት ይሠራል። ማን እንደሆነች ስትነግረው አልደነገጠም፤ እንዲያውም ቀለል አለው።

"የናጉሞ ቤት ሰው! በመጨረሻ። እባክዎ ይቀመጡ እትዬ፣ አንድ ሰው ቤታችሁን ሲፈልግ ነበር።"

"ምን ዓይነት ሰው?"

"ሽማግሌ። ግራኝ ነው። በበረዶው ወራት አንድ ቀን በሩን ከፍቶ 'ይቅርታ፣ የናጉሞ ቤት ይህ ነው?' አለኝ። አይደለም፣ ከወንዙ ማዶ ነው አልኩት። 'እሺ' አለና ገብቶ ተቀመጠ። መዶሻዬን አንሥቶ መሥራት ጀመረ። ሻይ ብሰጠው አይጠጣም። ሲሄድ አላየሁትም። ዝናብ ባለበት ቀን ማምሻው ላይ ይመጣል፤ ሁሌ ያንኑ ይጠይቃል፣ ሁሌ ያንኑ እመልሳለሁ። እያየሁት ተማርኩ፤ እሱም ማየቴን አይጠላም።"

"ልብሱስ?"

ሶኖቤ ጢሙን አሻሸ። "ነጭ። ደረቡ የተገላቢጦሽ ነው።"

"ይህን አይተህ ዝም አልክ?"

"እትዬ፣ እኔ ብቻዬን ነው የምኖረው። የመጣልኝን ሰው ምን ለበስክ አልለውም" አለ ሶኖቤ።

ሚሳዎ ተነሥታ ሥራ ጠረጴዛው ጋ ሄደች። ገና ያልተጨረሰ የማንቆርቆሪያ ቂጥ ተቀምጧል፣ ሰፊ፣ ለትልቁ ማንቆርቆሪያ የሚሆን። የመዶሻው ምት ከግራ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ነው። ጣቷን ብታሳርፍበት የተቃጠለ እንጨት ሸተታት፣ ዱቄት የመሰለ ነጭ አመድም ጣቷ ላይ ቀረ። ዕድሜዋን ሙሉ በእጇ ስታውቀው የኖረችውን ሥራ ልትክደው አልቻለችም።

የገባት እዚያው ነው። እንጨቷን ሰጥታ የላከችው እሷ፣ መንገዱን ያጠፉበትም እነሱ። እሱ ሊመልስላቸው ይዞ ተነሥቷል፤ እንደ ልማዱ የሰው በር ከፈተ።

ለጠበቃው ምን ብላ እንደነገረችው ሃማ እስከ ዛሬ እየሳቀች ታወራዋለች። "ምስጢሩን ለሶኖቤ የነገረው ማን ነው?" "ባለቤቱ።" "መቼ?" "ከሞተ በኋላ።" ጠበቃውም፣ "እንግዲያው ክሱን እንተወው" አለ። ሚሳዎ ግን ባዶ እጇን አልተመለሰችም። ከሶኖቤ ጋር ተዋዋለች፦ የትንሹን ማንቆርቆሪያ ቂጥ ለናጉሞ ቤት ይሠራል፣ ተገቢውን ክፍያ ያገኛል፣ መልከ ጥፉውንም በራሱ ስም መሸጥ ይችላል፣ አሠራሩን ግን ለማንም አይነግርም። ሶኖቤ "የእኔ ያልሆነውን ነገር ለማን እነግራለሁ?" ብሎ ማኅተሙን አሳረፈ። ትናንሾቹ እንደገና መናገር ጀመሩ። የተመለሱት ተለውጠው ሄዱ፣ ሥራ ቤቱም እፎይ አለ።

ነሐሴ መጣ። ሙቀቱ የሚበረታበት፣ ሙታንም ለበዓላቸው ወደየቤታቸው የሚመለሱበት ወር ነው። ገና የመጀመሪያ ዓመቱ ለሆነ ሟች ደግሞ ደጃፍ ላይ ነጭ ፋኖስ ይሰቀላል፣ መንገዱን ስለማያውቀው። ሹንሳኩ ከበዓሉ በፊት ሚሳዎን ጠርቶ የቢሮውን በር ዘጋ።

"እትዬ ሚሳዎ፣ የምጠይቅዎት ነገር ነውር ነው።"

"ነውርነቱን ካወቁ አይጠይቁኛ።"

"ትልቁ ማንቆርቆሪያ ቀርቷል፤ የእሱ ልክ ሌላ ነው። ለሆቴሎቹ ቃል ገብተናል፤ እሱን ካጣን ትንሹ ብቻውን አያቆመንም። ሶኖቤ እንደሚለው ጋሼ ቶኪዞ ትልቁን ጀምረውታል።" ሹንሳኩ ዓይኑን ከጠረጴዛው አላነሣም። "ዘንድሮ ፋኖሱን ባይሰቅሉስ? እስኪጨርሱ ብቻ። ቤታቸውን ካገኙ ወደ ሶኖቤ አይሄዱም።"

ሚሳዎ ልትወጣ ተነሣች።

"ምስጢር ከእጃችሁ አይውጣ ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት" አለ ሹንሳኩ ቀስ ብሎ።

"ሹንሳኩ" አለች፣ አንቱታውን ጥላ። "አንተን በዚህ ጀርባ ነው አዝዬ ያሳደግኩህ።"

"አውቃለሁ። ለዚህ እኮ ነው የማፍረው።"

እንግዲህ ሚሳዎን ፍጹም ጻድቅ አድርጌ ላወራላችሁ አልችልም። እሺ ብላው ወጣች። መዶሻዎቹን እየሰማች፣ ሙት እንደሆነ አንዴ ሞቷል፣ አንድ ዓመት ቢቆይ ምን ይሆናል ብላ ለራሷ ነገረች። ነጩን ፋኖስ ከነመጠቅለያው ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቀው፣ ለሶኖቤ ደወለች።

"እንዴት ነው?" አለችው፣ ሆስፒታል ስለተኛ ሰው እንደምትጠይቅ።

"ሥራው ግሩም ነው" አለ ሶኖቤ። "እሱ ግን ይረሳል። መጀመሪያ 'የናጉሞ ቤት ይህ ነው?' ነበር የሚለው። ቀጥሎ 'ቤቱ ይህ ነው?' ማለት ጀመረ። ትናንት በሩ ላይ ቆሞ 'ምን ነበር የምፈልገው?' አለኝ። እኔ እንጃ እትዬ… አንድ ቂጥ በጨረሰ ቁጥር አንድ ነገር እየጣለ የሚሄድ ይመስለኛል። እዚያ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እየገባ ነው።"

ሚሳዎ ስልኩን ዘጋች። ቤቷ ያለውን ትንሹን ማንቆርቆሪያ፣ ሶኖቤ ሰሞኑን የላከውን፣ ጣደችው። አንጎራጎረ። መሃል ላይ አየር ሳበ፤ አሳሳቡ ከግንቦቱ ይልቅ ረዘመ፣ ደከመ። ከዚያ ወዲያ መስማት አልቻለችም። ፋኖሱን ከቁም ሣጥን አውጥታ፣ ባይበራም እጇ ላይ አድርጋ፣ አውቶቡሱን ተሳፈረች።

የበዓሉ መግቢያ ቀን ነው። ዛፉ ላይ ሲካዳ የሚባሉት ጢዚዛዎች ይጮኻሉ፣ ሰማዩ ዳምኗል፣ ማምሻው ላይ ማካፋት ጀመረ። ሶኖቤ ቦታ ለቀቀላትና በሩ አጠገብ ተቀመጠች።

ሶኖቤ ድንገት ቀና አለ። "ይግቡ አባት" አለ ወደ በሩ።

ሚሳዎ ዞረች። በሩ እንደተዘጋ ነው። ማንም የለም። የተቃጠለ እንጨት ሽታ ግን በአጠገቧ አልፎ ወደ ጠረጴዛው ሄደ፣ የእግሯም ጣቶች በነሐሴ ሙቀት ቀዘቀዙ።

"የት ነው?"

"ይኸው፣ ተቀምጧል። አያዩትም?" ሶኖቤ ግራ ገባው። "እኔ እያየሁት እርስዎ…"

ሚሳዎ አላየችም። ባዕድ ሰው ቁልጭ አድርጎ የሚያየውን ባሏን እሷ አላየችውም፣ ይህ ከሁሉም በላይ አስከፋት። የሰበሩበት ሳህን ትዝ አላት። ንዴቷ ወደ ባዶው ወንበር ገነፈለ።

"አንተ ፋይዳ ቢስ! አርባ ዓመት የተመላለስክበትን መንገድ፣ ድልድዩን ተሻግሮ መታጠፍ አቅቶህ፣ የሰው ቤት ተቀምጠህ ትቀጠቅጣለህ? ተነሥ!"

መዶሻው ጠረጴዛው ላይ ራሱን አነሣ፣ ሦስቴ መታ፣ ቆመ።

"ምን ይላል?"

"'አንዲት ናት የቀረችው፤ ትንሽ ጠብቂ' ይላል። አንድ ቁራጭ ብቻ ነው እትዬ፤ ትልቁ ሊያልቅ ነው።"

አንዲት ናት የቀረችው። ዕድሜዋን ሙሉ የሰማችው ቃል ነው፤ ሾርባው እየቀዘቀዘ፣ ሩዙ እየደረቀ፣ ሁልጊዜም ጠብቃዋለች። አሁንም ብትጠብቅ የሹንሳኩ ሆቴሎች ዕቃቸውን ያገኛሉ፣ መዶሻዎቹም አይቆሙም። ጠረጴዛውን አየች። ለመጨረሻዋ ቁራጭ የሚሆን ባዶ ቦታ አለ፣ የጥፍር ያህል።

"እኔን ያውቀኛል ወይ ብለህ ጠይቅልኝ" አለች።

ሶኖቤ ጠየቀ።

"'ድምፅዋን አውቀዋለሁ' ይላል። 'ስሟ ግን… ልጨርስና አስታውሰዋለሁ' ይላል።"

ሚሳዎ ተነሣች። ከወንበሩ ፊት ሄዳ ጀርባዋን ሰጠችው፣ ጉልበቷን አጠፈች፣ እጆቿን ወደ ኋላ አደረገች፤ የእኛ ሰዎች በበዓሉ መቃብር ላይ ሙታናቸውን አዝለው ወደ ቤት ሲመልሱ እንደሚያደርጉት።

"ተወው ይቅር" አለች። "ዲዳ ይሁን። ና ውጣ፣ ወደ ቤት ነው የምንሄደው።"

መዶሻው ቀስ ብሎ ተኛ።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ ጀርባዋ ላይ ብርድ አረፈ፣ ክብደትም ተከተለ፤ ከመሞቱ በፊት ከስቶ እንደነበረው፣ ልክ ያንኑ ያህል። ሶኖቤ ፋኖሱን ለኮሰላትና አስያዛት። አውቶቡሱ ላይ አልወጣችም። በዝናቡ ውስጥ ጎንበስ ብላ፣ "ይህ ድልድዩ ነው፣ እዚህ ወደ ግራ ነው፣ ይኸው የሃማ ቤት፣ እዚህ እንዳትገባ" እያለች መታጠፊያውን ሁሉ እየነገረችው ሄደች። ከጆሮዋ ሥር አንድ ሰው ትንፋሽ እያጠረው ያዳምጣል።

በጓሮ ያወጡትን በፊት ለፊት በር አስገባችው። "ደረስን፣ ውረድ" አለች። ጀርባዋ ቀለላት። መንገዱን ሁሉ ያላለቀሰችው ሴት ያኔ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እንባዋን ስትጨርስ የአዲሱን ቀጥቃጭ ዲዳ ማንቆርቆሪያ ጣደች፣ ሽሽሽ አለ፣ ሻዩንም ቀድታ ፎቶግራፉ ፊት አኖረችለት።

በማግስቱ ጠዋት ሹንሳኩ በወጉ ሊሳለም መጣ። ደጃፉ ላይ ነጩን ፋኖስ ሲያይ ቆመ። ቢሆንም ገባ፣ ፎቶግራፉ ፊት ተንበረከከ፣ እጆቹን አጋጠመ። ምድጃው ላይ ዲዳው ማንቆርቆሪያ ሽሽሽ ይላል። ሹንሳኩ ለረጅም ጊዜ ካዳመጠ በኋላ ወደ ሚሳዎ ሳይዞር፣

"ትልቁን ጨረሱት?" አለ።

"አልጨረሰም" አለች ሚሳዎ፣ ፎቶግራፉ ፊት ያለውን ባዶ ሲኒ እያነሣች። "ሻዩን ግን ጠጣ።"